ኤፍ የሚባለው ደም የት ይሄዳል? ጥያቄዬና የመጡልኝ 20 መልሶች

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የለጠፍኩት ልጄ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሲሞላት ነው። ክሩ ረዘመ። መሀሉ ላይ ጭቅጭቅም ገባበት። አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉን ማንበብ ስለሚከብደው ጥያቄዬን መልሼ ጽፌዋለሁ። ከሥሩ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ያለውን በራሴ አባባል በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ።

ጥያቄው

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚህ አገር ሕፃን ሲወለድ ተረከዙን ወጋ አድርገው ጥቂት የደም ጠብታ ወረቀት ላይ ያሳርፋሉ። ወረቀቱ ሲደርቅ ላብራቶሪ ይሄዳል። ልጄ ሦስት ሳምንት ሲሆናት ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችው ሴት እየተቻኮለች ልጄ ሲክል ሴል እንዳለባት ነግራኝ ዘጋችው። አራት ቀን አለቀስኩ። ወተቴ ሳይቀር ቀነሰ። በአምስተኛው ቀን ደብዳቤው ደረሰ። ሦስት ፊደል ብቻ ነው ያለው፦ ኤፍ፣ ኤ፣ ኤስ። የልጄ ሐኪም ገና ስታየው ፊቷ ፈታ አለ። ኤፍ እና ኤስ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሽታው ነበር። መሀል ላይ ኤ ስላለች ልጄ ተሸካሚ ብቻ ናት። ከአባቷ አንድ የታመመ ጂን፣ ከእኔ አንድ ጤነኛ ወስዳለች።

ባለቤቴ ጋናዊ ነው። እሱ ተሸካሚ ሲሆን ታናሽ እህቱ ግን በሽታው አለባት። ሕመሙ ሲነሳባት አንድ ሌሊት አብሬያት አድሬያለሁ። አንሶላው እግሯን ሲነካት እንኳ ትጮህ ነበር። ቀይ የደም ሴሎቿ ኦክሲጅን ሲያጡ እንደ ማጭድ ይቆለመማሉ። ቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ ሲደርሱ ተጠላልፈው መንገድ ይዘጋሉ። ሕመሙ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ኤ ጤነኛው፣ ኤስ የሲክል ሴሉ መሆኑ ገብቶኛል። ያልገባኝ ኤፍ ነው። የልጄ ሐኪም እንደነገረችኝ የፅንስ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ቀይ ሴል ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ፕሮቲን የፅንስ ዓይነት ነው። ሕፃን ሲወለድ አብዛኛው ሄሞግሎቢኑ እሱ ነው፤ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ይጠፋል። የት ነው የሚሄደው? ማን ነው ሂድ የሚለው? ሁላችንም ሕፃን ሳለን የነበረንን ነገር ለአክስቷ መመለስ አይቻልም ወይ?

መልሶቹ

1ኛ። የመጀመሪያው ሰው እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ መርቆኝ ጀመረ። ኤፍ የተባለው ፅንስ በእንግሊዝኛ ከሚጠራበት ቃል የመጀመሪያ ፊደል ተወስዶ መሆኑን ነገረኝ። ኤ ደግሞ ከአዋቂ። አጭር ነው፣ ግን ጥሩ መክፈቻ ሆነልኝ።

2ኛ። አንዲት እናት ከአዲስ አበባ ጻፉ። እሳቸው እንደሚያውቁት ሕፃን ማህፀን ውስጥ ሳለ በእናቱ ደም ነው የሚኖረው። ስለዚህ ኤፍ የተባለው የእኔው ደም ነው፤ ልጅቷ የራሷን መሥራት ስትጀምር የእኔ አለቀ ማለት ነው። ብዙ ሰው ወደደላቸው። እኔም ከዚያ በፊት እንደዚያው ነበር የማስበው።

3ኛ። ደሴ ያለች አዋላጅ ነርስ በአክብሮት አረመቻቸው። የእናትና የፅንስ ደም አይቀላቀልም። በእንግዴ ልጁ ውስጥ ጎን ለጎን ይፈስሳሉ፣ መሀላቸው ስስ ግድግዳ አለ። ፅንሱ የራሱን ደም የሚሠራው ገና ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ነው። ኦክሲጅኑን ግን ከእናቱ መውሰድ አለበት። የእናት ሄሞግሎቢን የያዘውን ለማይጠነክር እጅ አይለቅም። የፅንሱ ሄሞግሎቢን ኦክሲጅንን አጥብቆ የሚይዘው ለዚህ ነው። ጉርሻ ከእናት እጅ ወደ ልጅ አፍ እንደሚሻገር አድርጋ ነበር የገለጸችው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ልጄን ሳጠባ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሳላውቀው ሳጎርሳት ነበር።

4ኛ። ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው። ጎንደር ውስጥ ረጅም ዘመን ላብራቶሪ የሠሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ኤፍን በዓይናቸው ያዩበትን መንገድ ጻፉ። የደም ጠብታ መስታወት ላይ በስሱ ይቀባል። ይደርቃል። ከዚያ አሲድነት ያለው ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። የአዋቂው ሄሞግሎቢን አሲዱን አይችልም፣ ከሴሉ ታጥቦ ይወጣል። የፅንሱ ግን ይችላል። ቀለም ተጨምሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የአዋቂው ሴሎች ባዶ ቀለበት፣ ጥላ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። በዚያ ሁሉ ጥላ መሀል አንድ አንድ ደማቅ ሮዝ ሴል ብቅ ይላል። እሱ የሕፃኑ ነው። ይህ ምርመራ የክላይሃወር ምርመራ ይባላል። የሚሠራውም ለምሳሌ አር ኤች ኔጌቲቭ የሆነች፣ ሾተላይ የሚያሰጋት እናት ላይ ምን ያህል የሕፃን ደም እንደገባ ለማወቅ ነው። በዚህ አጋጣሚ 3ኛዋንም በትሕትና አስተካከሏት። ደሙ እንደ ደንቡ አይቀላቀልም፣ ነገር ግን ትንሽ ይሾልካል፤ በወሊድ ጊዜ በተለይ።

የት ይሄዳል ላልኩት ቀጥታ የመለሱልኝም እሳቸው ናቸው። ኤፍ ወደ ኤ አይቀየርም። ኤፍ የሞሉት ሴሎች ዕድሜያቸው ሲያልቅ ይፈርሳሉ። የአዋቂ ቀይ ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል፣ የአራስ ከዚያ ያነሰ። በፈረሱት ፋንታ አዲስ የሚወለዱት ሴሎች ኤ ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ሂድ የተባለ የለም፤ ተተኪው ነው የተቀየረው።

5ኛ። 2ኛዋ እናት ተመልሰው አመሰገኑ። ትንሽ ቅር ያላቸው ይመስላል። የልጅ ልጃቸው ሲወለድ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ እንደነበር አስታወሱና የሴሎቹ መፍረስ ከዚያ ጋር ይያያዝ እንደሆነ ጠየቁ። አዋላጇ በአንድ መስመር አዎ አንዱ ምክንያት እሱ ነው ብላ አለፈች።

6ኛ። ጀርመን ውስጥ የደም ሴል የሚያጠና ወጣት ተማሪ ገባ። እውቀቱ ብዙ ነው፣ ትዕግሥቱ ግን አጭር። መልሱ ከቁርስ እስከ ምሳ ያስኬዳል፤ እኔ ፍሬውን ላውጣ።

ደም ሁልጊዜ መቅኒ ውስጥ አይሠራም። ሽሉ የሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የደም ሴሎች ከሽሉ ውጭ፣ ከአስኳል ከረጢቱ ውስጥ ይፈጠራሉ። ዕድሜ ልክ የሚያገለግሉት ግንድ ሴሎች፣ ሌሎቹ የደም ሴሎች ሁሉ የሚፈልቁባቸው፣ ደግሞ ትንሽ ቆይተው ከትልቁ የደም ሥር ግድግዳ ይወለዳሉ። ከዚያ ጉበት ሥራውን ይረከባል። ለመውለድ ሲቃረብ መቅኒ ዋናው ይሆናል።

ሄሞግሎቢን አራት ቁራጭ ነው። ሁለቱ አልፋ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ በፅንስ ጊዜ ጋማ፣ ከተወለድን በኋላ ቤታ ይሆናሉ። የጋማና የቤታ ጂኖች 11ኛው ክሮሞዞም ላይ ተሰልፈው ይገኛሉ። አሰላለፋቸው ያስደንቃል። ከፊት የሽሉ ጊዜ ጂን፣ ቀጥሎ ሁለቱ የፅንሱ፣ መጨረሻ ላይ የአዋቂው። በሕይወታችን የሚሠሩትም በዚያው ተራ ነው። ከሰልፉ ራቅ ብሎ አንድ ተቆጣጣሪ ክፍል አለ። ዲኤንኤው ይታጠፍና ይህ ክፍል ባለተራው ጂን ጎን ይቆማል።

አሁን የአክስቷን ነገር ልብ በሉ። የሲክል ሴል ስህተት ያለው ቤታ ላይ ነው። ጋማ ላይ ምንም የለም። የጋማ ጂኗም አልጠፋም። እያንዳንዱ ሴሏ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል። ዝም ተብሏል እንጂ። ይህን አንብቤ ስጨርስ ባለቤቴን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ነገርኩት።

7ኛ። ሐዋሳ ያሉ የባዮሎጂ መምህር ነገሩን ቀለል አድርገው ለማስረዳት ሞከሩ። ጉበት ጋማ ይሠራል፣ መቅኒ ቤታ ይሠራል፤ ሥራው ከጉበት ወደ መቅኒ ሲዛወር ሄሞግሎቢኑም አብሮ ይቀየራል። ለሃያ ዓመት እንዲህ እንዳስተማሩ ጨመሩ።

8ኛ። የጀርመኑ ተማሪ ሳይለዝብ መለሰ። ስህተት መሆኑን፣ ሃያ ዓመት የተሳሳተ ትምህርት መሰጠቱም እንዳሳዘነው ጻፈ። ለውጡ ሲመጣ ጉበትም መቅኒም ውስጥ በአንድ ወቅት ነው የሚመጣው። በ1985 የታተመ የበጎች ሙከራ ጠቀሰ (እዚህ ክር ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። የፅንስ በግ የደም ግንድ ሴሎችን አዋቂ በግ ውስጥ አስገቡ። ሴሎቹ አዲሱ ቤታቸው አዋቂ ነው ብለው ወዲያው አልተቀየሩም። የራሳቸውን ዕድሜ ቆጥረው፣ ጊዜያቸው ሲደርስ ተቀየሩ። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃንም ቀድሞ ስለወጣ ቀድሞ አይቀይርም። የሚቆጠረው ከፅንሰት ጀምሮ ነው። ሰዓቱ ያለው ሴሉ ውስጥ ነው ማለት ነው።

9ኛ። መምህሩ ተቆጡ። ግን እንደ መምህር ነው የተቆጡት። እርማቱን ተቀበሉ፣ የበጎቹንም ነገር ለተማሪዎቻቸው እንደሚነግሩ ቃል ገቡ። ያልተቀበሉት አነጋገሩን ነው። ልጁ በእሳቸው ዕድሜ ያለን ሰው አደባባይ ላይ ማዋረዱ ከማን እንደተማረው ጠየቁ። እኔም በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ልጁ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ፣ በአንድ አጭር መልስ። እሱን በቁጥር አላስገባሁትም።

10ኛ። ማን ዝም አሰኘው ለሚለው መልስ የመጣው ከቦስተን ነው። ጸሐፊዋ ፋርማሲስት ናት። ነገሩ የተፈታው በሰው ልዩነት ነው። አንዳንድ አዋቂዎች ሳይታመሙ ከሌላው ሰው የበለጠ ኤፍ አላቸው። በ2007 እና በ2008 ተመራማሪዎች፣ ሰርዲኒያ ደሴት ያሉ ሰዎችን ጨምሮ፣ ብዙ ኤፍ ያላቸውንና ትንሽ ያላቸውን ሰዎች ዲኤንኤ አነጻጸሩ። ልዩነቱ ጎልቶ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ 2ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ቢሲኤል 11ኤ የሚባል ጂን ነው። ከዚያ በፊት ከኤፍ ጋር ይገናኛል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በ2008 ቪጃይ ሳንካራንና ስቱዋርት ኦርኪን ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ጂን ሲያዳክሙት ኤፍ ከፍ አለ። ዝም አሰኚው ተገኘ። በ2011 የሲክል ሴል አይጦች ላይ ቀይ ሴሎቻቸው ውስጥ ሲያጠፉት በሽታው ተስተካከለ።

ግን ችግር አለ። ቢሲኤል 11ኤ አንጎል ውስጥም፣ ሌሎች የደም ሴሎች ውስጥም ሥራ አለው። ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። በ2013 ያንኑ ጂን ቀይ ሴል ውስጥ ብቻ የሚያበራ ትንሽ የዲኤንኤ ክፍል ተገኘ። ፋርማሲስቷ የቤቱን ቆጣሪ ሳይነኩ የአንዱን ክፍል መብራት ብቻ እንደማጥፋት ነው ብላ አስረዳችኝ።

11ኛ። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ደማም ውስጥ የምትሠራ ነርስ ያየችውን ነገረችን። በምሥራቁ ክፍል ሲክል ሴል ብዙ ነው። ብዙዎቹ ታማሚዎች ግን በሽታው ይለዝብላቸዋል። ምክንያቱ ካደጉም በኋላ ኤፍ ስለሚተርፋቸው ነው። ስለ ሕፃናትም ጻፈች። በሽታው ያለባቸው ሕፃናት ሲወለዱ ምንም አይታይባቸውም። ከስድስት ወር በኋላ ነው እናቶች የልጃቸው እጅና እግር አብጦ እየሮጡ የሚመጡት። ኤፍ ሲቀንስ ማለት ነው። ይህን ያስተዋለችው የብሩክሊኗ ሐኪም ጃኔት ዋትሰን ነች፣ በ1948። የአራሶቹ ደም ውስጥ ማጭድ የሚመስሉት ሴሎች ለምን ጥቂት እንደሆኑ አሰበችና የፅንሱ ሄሞግሎቢን ይጠብቃቸዋል አለች። ስለ ጂኑ ገና ምንም ሳይታወቅ። ነርሷ በመጨረሻ እዚያ አገር ከጋብቻ በፊት የደም ምርመራ ከ2004 ጀምሮ ግዴታ መሆኑን ጠቅሳ፣ እኔና ባለቤቴ ተመርምረን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልተመረመርንም።

12ኛ። አንድ ሰው ይህ የእኛ በሽታ ስላልሆነ ክሩ እዚህ ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ። ደግ አነጋገር አልነበረም። ባለቤቴ ጋናዊ መሆኑንም አነሳ።

13ኛ። ጋምቤላ የሚሠራ የጤና መኮንን መልስ ሰጠው። ወባ በበዛበት ምዕራቡ ቆላ ሲክል ሴል አለ። ተሸካሚነት ከከባድ ወባ ስለሚያስጥል ጂኑ እንዲህ ባለ አገር ይቆያል። ደጋ ላይ ብርቅ ስለሆነ ሐኪሙም አያስበውም። አንድ ልጅ ለዓመታት ቁርጥማት እየተባለ መርፌ ሲወጋ ቆይቶ እሱ ጋ መድረሱን ነገረን። ይህን መልስ ለ12ኛው ሰው እኔ ራሴ መጻፍ እፈልግ ነበር፣ ግን እጄ ተንቀጥቅጦ ተውኩት። የጤና መኮንኑን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

14ኛ። ከዚህ በኋላ ወሬው ወጣ አለ። አንድ ሯጭ የነበረ ሰው የደገኛ ደም ከሁሉ የተለየና የበለጠ ነው ሲል ጻፈ።

15ኛ። ፋርማሲስቷ ኮስተር ብላ መለሰችለት። በ2002 የወጣ ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ያሉ ነዋሪዎችን ለካ። የአንዲስ ተራራ ሰዎች እዚያ ከፍታ ላይ ሄሞግሎቢናቸው ይበዛል። የእኛዎቹ ግን ከባሕር ጠለል ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ሄሞግሎቢን ነው ያላቸው። የተለየ መሆኑ እውነት ነው፤ የበለጠ የሚለው ግን ከጥናቱ አይወጣም። ደም ማበላለጥ የት እንደሚያደርስ አገራችን ያውቀዋል ብላ ጨመረች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

16ኛ። ዝምታውን የሰበረው ከእስራኤል፣ ከነታንያ የጻፈ ወንድማችን ነው። ነጭ የደም ሴሉ ዝቅ ብሎ ስለተገኘ ወታደር ሳለ ብዙ ምርመራ እንዳንገላታው ነገረን። በመጨረሻ ጤነኛ ነህ ተባለ። በቤተ እስራኤል መሀል ይህ የተለመደ ነው። የሚመጣውም ደፊ ከሚባል የቀይ ሴል ምልክት ማጣት ጋር ነው። ከክሩ የወጣ መስሎት ይቅርታ ጠየቀ።

17ኛ። አልወጣም ነበር። የጀርመኑ ተማሪ፣ አሁን በለሰለሰ አነጋገር፣ የወንድማችንን ነገርና የእኔን ጥያቄ አገናኛቸው። ጋታ 1 የሚባል ፕሮቲን አለ። ቀይ ሴል ቀይ ሴል የሚሆነው በእሱ ትእዛዝ ነው። የሚሠራው ዲኤንኤ ላይ የራሱ መቀመጫ ሲያገኝ ነው። ደፊ የሌላቸው ሰዎች ጂኑ አልተበላሸባቸውም። ከጂኑ አጠገብ ያለው የጋታ 1 መቀመጫ በአንድ ፊደል ተቀይሮባቸው ነው። ስለዚህ ደፊ ከቀይ ሴላቸው ላይ ብቻ ይጠፋል፣ ሌላው ሰውነታቸው ላይ አለ። ይህም ከቪቫክስ ወባ በጣም ይከላከላል፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። አሁን ያለው አዲሱ የሲክል ሴል ሕክምናም ያንኑ ያደርጋል። ቢሲኤል 11ኤን ቀይ ሴል ውስጥ በሚያበራው ክፍል ላይ ያለውን የጋታ 1 መቀመጫ ክሪስፐር በሚባለው የዲኤንኤ መቁረጫ ይቆርጣል። ዝም አሰኚው ራሱ ዝም ይላል። ጋማ ይናገራል። ተፈጥሮ በዚያ ወንድማችን ደም ላይ ከጥንት ጀምሮ ያደረገችውን ሰው ላብራቶሪ ውስጥ ደገመው። ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። 12ኛው ሰውም ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል።

18ኛ። ፋርማሲስቷ ስለ ሕክምናው ዋጋና ጭንቀት ጻፈች። ካስጄቪ ይባላል። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ሆና የታከመችው የሚሲሲፒዋ ቪክቶሪያ ግሬይ ናት፣ በ2019። እንግሊዝ በኅዳር 2023 አጋማሽ ላይ ፈቀደች፣ አሜሪካ ታኅሣሥ 8 ቀን 2023፤ ቀኖቹ በፈረንጆቹ ናቸው። ለፈቃዱ ከታዩት 31 ታማሚዎች 29ኙ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ ከባድ ሕመም አልተነሳባቸውም። ዋጋው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ግንድ ሴሎቹ ከታማሚዋ ይወሰዳሉ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ይስተካከላሉ። ከመመለሳቸው በፊት መቅኒዋ በከባድ ኬሞቴራፒ ይጸዳል። ፀጉር ይረግፋል፣ አፍ ይቆስላል። መውለድንም ሊያስቀር ይችላል።

19ኛ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ትተሽ ጸበል ውሰጃት አለኝ። ሌላው ደርሶ ሰደበው፣ እሱም መለሰ። አስተዳዳሪው አብዛኛውን አጠፋው። እኔ በጸበል አምናለሁ። አክስቷ ግን መድኃኒቷን ትታ እንድትሄድ አልመክራትም፤ የኔታም እንዲህ አይሉም።

20ኛ። የመጨረሻው መልስ በሽታው ካለባት ሴት ነው፣ ከለንደን። ሁሉም ስለ ሁለት ሚሊዮኑ ሲያወራ ስለ እንክብሉ ለምን ዝም እንደተባለ ጠየቀች። ሃይድሮክሲዩሪያ ይባላል። አሜሪካ ለዚህ በሽታ የፈቀደችው በ1998 ነው። ኤፍን ከፍ ያደርጋል። በየቀኑ ትውጠዋለች፣ ደሟን በየጊዜው ትመረመራለች። የእሷ ኤፍ ከ6 በመቶ ወደ 19 በመቶ ወጥቷል። ድሮ በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ ሆስፒታል ትተኛ ነበር። አምና አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተኛችው።

ይህን መልስ ለአክስቷ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። እንክብሉን ከዚህ በፊት ጀምራ ነበር። ፀጉሯ ሲሳሳ ደንግጣ፣ ለማንም ሳትነግር ተወችው። ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ጋ አብረን ሄድን። በትንሽ መጠን እንደገና ጀምራለች፣ ከአንድ ወር በኋላ ደሟ ይታያል። ስለ ካስጄቪም ጠይቀናል። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ መውለድ ትፈልጋለች። ከዚያ ኬሞቴራፒ በፊት እንቁላሏን አስቀምጣ ሕክምናውን ያለፈች፣ ወይም እንዲህ ያለች ሴት የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ 21ኛውን መልስ ጻፉልን። የኢንሹራንሱን ነገር እንዴት እንደጨረሱትም ብትነግሩን።